የላምን የዘር ሕመም በአይጥ ማጥናት ከንቱ ድካም አይደለም፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን በከብት እርባታ ሥራ ላይ ያሉ ወዳጆቼ ሲቀባበሉት የሰነበቱትን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፤ በከብቶች ላይ በዘር የሚወርዱ ሕመሞችን ለማጥናት ዘረመላቸው የተለወጠ አይጦችን ማርባት የገንዘብም የሕይወትም ብክነት ነው። አምስት ምክንያት ይሰጣሉ። አንደኛ፣ አይጥ ላምን አትመስልም። ሁለተኛ፣ የከብት የዘር ሕመሞች ሁሉ የታወቁት ከብቶቹን ራሳቸውን በመመርመር ነው። ሦስተኛ፣ ዛሬ የላሟን ዘረመል በቀጥታ ማረም ስለሚቻል አይጥ መሃል መግባት የለባትም። አራተኛ፣ በአይጦቹ ላይ የሚደርሰው ሥቃይ ተገቢ አይደለም። አምስተኛ፣ ጉዳዩ የሀብታም አገሮች እንጂ የእኛ አይደለም። ጽሑፉ ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑ ያስታውቃል። ነገር ግን አንባቢው አርቢ፣ አዳቃይ ቴክኒሻንና የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ድምዳሜውን ተቀብለው ቢሄዱ የሚጎዱት ራሳቸው ስለሆኑ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁለተኛው ምክንያት ልጀምር፤ የቀሩት ሁሉ የተደገፉት እሱ ላይ ነው።

ጸሐፊው ሁለት ምሳሌ ያነሣሉ። የመጀመሪያው በኒውዚላንድ የአንገስ ከብቶች ላይ ይታይ የነበረው አልፋ-ማኖሲዶሲስ ነው። በዚህ ሕመም የተያዘ ጥጃ አንድ ኢንዛይም ስለሚጎድለው መፈጨት የነበረበት ስኳር ነክ ነገር በነርቭ ሕዋሳቱ ውስጥ ይከማቻል፤ ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ አይጸናም፣ ብዙም ሳያድግ ይሞታል። የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ የኢንዛይሙን መጠን በደም ውስጥ እየለኩ ተሸካሚ ኮርማዎችን፣ ማለትም ራሳቸው ሳይታመሙ ብልሹውን ዘረመል የሚያወርሱትን፣ ለዩ፤ ተሸካሚዎቹ ከእርባታ ሲወጡም ሕመሙ እጅግ ቀነሰ። በዚህ ሥራ ውስጥ አይጥ አልነበረችም። እስማማለሁ።

ሁለተኛው ምሳሌያቸው በሆልስታይን ከብቶች ላይ የተገኘው ብላድ የተባለው ሕመም ነው። የታመመው ጥጃ የነጭ ደም ሕዋሱ ቁጥር ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሕዋሳቱ ግን ከደም ሥር ወጥተው ቁስሉ ወዳለበት ቦታ መድረስ አይችሉም። ስለዚህ ጥጃው ከሳንባ ምች ወደ ተቅማጥ፣ ከተቅማጥ ወደ አፍ ቁስል እየተሸጋገረ ይመነምናል። በ1992 መንስኤው ታወቀ። ሲዲ18 በሚባለው ፕሮቲን ላይ 128ኛዋ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲኑ መገንቢያ ቅንጣት) ተለውጣለች፤ ለውጡ ኦስቦርንዴል አይቫንሆ ከተባለ ኮርማ የወረደ ሲሆን በወቅቱ በአሜሪካ ከነበሩት የሆልስታይን ኮርማዎች 15 በመቶ ገደማ፣ ከላሞቹ ደግሞ 6 በመቶ ገደማ ተሸካሚዎች ነበሩ። እዚህም አይጥ የለችም ይላሉ ጸሐፊው፤ ልክ ናቸው። ግን ተመራማሪዎቹ ከሺዎች ዘረመሎች መካከል ሲዲ18ን ለምን መረጡ? ቀደም ሲል በ1980ዎቹ በዚያው ፕሮቲን ጉድለት የሚታመሙ ሕፃናት ተገኝተው ስለነበር ነው። ለላሟ መልሱ የመጣው ከሌላ ፍጡር፣ ከሰው ልጅ ሕመም ነው። ጸሐፊው «ከብቱን ብቻ በመመርመር» ለማለት ያመጡት ምሳሌ ራሱ ከብቱ ብቻውን እንዳልበቃ ይመሰክራል።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት ሌላ ዓይነት ሕመም ደግሞ አለ። የታመመ ጥጃ የሌለበት ሕመም።

በ2011 በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የቤልትስቪል ተመራማሪዎች የብዙ ሺህ ከብቶችን የዘረመል መረጃ ሲመረምሩ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። አንዳንድ የክሮሞዞም (ዘረመሎች የተደረደሩበት ክር) ቁርጥራጮች ከእናት ብቻ ወይም ከአባት ብቻ የተወረሱባቸው ከብቶች ሞልተዋል፤ ከሁለቱም ወገን የወረሰ ግን አንድም አልተገኘም። በስሌቱ መሠረት በርካታ መኖር ነበረባቸው። እንግዲህ ከሁለቱም ወገን የወረሱት ሳይወለዱ ይሞታሉ ማለት ነው። ከእነዚህ ቁርጥራጮች አንዱ፣ በአምስተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለውና ኤችኤች1 የሚል መጠሪያ የተሰጠው፣ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር በ1962 ወደተወለደ አንድ ኮርማ ያደርሳል፤ ፓውኒ ፋርም አርሊንዳ ቺፍ። ይህ ኮርማ 16,000 ሴት ልጆች፣ 500,000 ሴት የልጅ ልጆች፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ የልጅ ልጅ ልጆች እንዳሉት ይነገርለታል። በዓለም ያለውን የሆልስታይን ወተት ከፍ ካደረጉት ኮርማዎች አንዱ ነው። በዚያው አባላዘር፣ ማለትም ለማዳቀያ በሚሰራጨው የኮርማ ዘር ፈሳሽ፣ ግን ያ ቁርጥራጭም አብሮ ተሰራጨ።

አንድ አርቢ ከዚህ ሁሉ የሚያየው ምንድን ነው? ላሟ ተዳቀለች፤ ከሳምንታት በኋላ ወይም ወራት ካለፉ በኋላ እንደገና ኮርማ ፈለገች። «አልያዘችም» ይባላል። መኖው ይወቀሳል፣ ቴክኒሻኑ ይወቀሳል፣ ሰዓቱ አልፎበት ነው ይባላል። የሚመረመር ጥጃ የለም፤ የሚቀዳ ደም፣ የሚለካ ኢንዛይም የለም። «ከብቶቹን ራሳቸውን መርምሩ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ቁርጥራጩን ማወቅ ደግሞ ገዳዩን ማወቅ አይደለም። በአንድ ቁርጥራጭ ውስጥ በርካታ ዘረመሎች ተደርድረዋል፤ በላያቸው ያሉት ለውጦችም አብረው ይወረሳሉ። ግድያ በተፈጸመበት ሌሊት እዚያው ሰፈር ያደረ ሁሉ እንደሚጠረጠር፣ ጥፋተኛውም ንጹሑም አብረው ይጠረጠራሉ። አብረው የሚወረሱትን ደግሞ ከብት በመቁጠር ብቻ መለያየት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

በ2016 የታተመ ጥናት ከተጠርጣሪዎቹ አንዱን ነጥሎ አወጣ፤ ኤፒኤኤፍ1 የሚባለው ዘረመል። በዚህ ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል ስትለወጥ የፕሮቲኑ ሥራ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ 670 አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ከፕሮቲኑ ግማሽ በላይ፣ ሳይሠሩ ይቀራሉ። ይህ ዘረመል የሚያዘው ሕዋስ ጊዜው ሲደርስ በሥርዓት እንዲሞት ነው። ሽል ሲሠራ የሚሞቱ ሕዋሳት ከሌሉ አካል ቅርጽ አይዝም። ታዲያ የዚህ ዘረመል መጥፋት ሽሉን እንደሚገድል በምን ታወቀ? ከዚያ 18 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1998፣ ሁለት የተለያዩ የምርምር ቡድኖች ይህ ዘረመል ሆን ተብሎ የተሰናከለባቸውን አይጦች አውጥተው ስለነበር ነው። ከሁለቱም ወገን የተሰናከለውን የወረሱት የአይጥ ጽንሶች አንጎላቸው ከልክ በላይ አድጎ ከራስ ቅላቸው ይወጣል፣ የፊታቸው አጥንት ይዛባል፣ በጣቶቻቸው መካከል ያለው ቆዳ በጊዜው አይጠፋም፤ አብዛኞቹም ሳይወለዱ ይሞታሉ። አይጦቹ የተፈጠሩት የሕዋስን ሞት ለማጥናት ነበር፤ ስለ ላም ያሰበ አልነበረም። ሆኖም ላሟ ላይ የጠፋው ጥጃ ምክንያት ሲፈለግ መረጃው ተዘጋጅቶ ቆየ።

ያው ጥናት በ35 ዓመት ውስጥ ይህች አንዲት ለውጥ በዓለም ዙሪያ ወደ 525,000 የሚሆኑ ጽንሶችን እንዳስጨነገፈችና 420 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ኪሳራ እንዳደረሰች ገምቷል። ዛሬ ለውጧ በቀጥታ ትመረመራለች። ቁርጥራጩን ብቻ ቢመረምሩ ኖሮ አንዳንዱ ንጹሕ ኮርማ በሐሰት ይጣል፣ አንዳንዱ ተሸካሚ ደግሞ ያመልጥ ነበር፤ ቁርጥራጩን ይዘው ገዳዩን ለውጥ ያልያዙ ከብቶች አሉና።

ወደ አንደኛው ምክንያት ልመለስ፤ «አይጥ ላምን አትመስልም»። ጸሐፊው ስለ ጨጓራ ክፍሎች፣ ስለ ማመንዠክ፣ ስለ ክብደት ልዩነት ረጅም አንቀጽ ጽፈዋል። ማንም አይክድም። አይጧ የምትጠየቀው ግን ስለ ማመንዠክ አይደለም፤ «ይህ ዘረመል ቢጠፋ ምን ይጎድላል?» ተብላ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው ዝነኛ መልስ የማዮስታቲን ነው። የቤልጂየም ሰማያዊ ከብቶች ጡንቻቸው እጥፍ የሚመስለው ለምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ አልታወቀም። በ1995 የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መንስኤው ሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ መሆኑን ደረሱበት፤ ዘረመሉ ራሱ ግን ገና አልተያዘም። በግንቦት 1997 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አሌክሳንድራ ማክፈሮንና ሴ-ጂን ሊ ማዮስታቲን የተሰናከለባቸውን አይጦች ይፋ አደረጉ፤ የአይጦቹ ጡንቻ ከወንድሞቻቸው ሁለትና ሦስት እጥፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ወራት ብቻ ነው የፈጀው። በዚያው ዓመት የተለያዩ ቡድኖች በቤልጂየም ሰማያዊ ከብቶች ማዮስታቲን ላይ 11 ፊደላት ተቆርጠው መጥፋታቸውን አሳዩ፤ በጣሊያን ፒየሞንቴዜ ከብቶች ደግሞ በዚያው ዘረመል ላይ ሌላ ለውጥ ተገኘ።

ልዩነቱንም አልደብቅም። በከብቶቹ የጡንቻው ጭማሪ 20 በመቶ ገደማ እንጂ እንደ አይጦቹ ሁለትና ሦስት እጥፍ አይደለም። የቤልጂየም ሰማያዊ ላሞች አብዛኞቹ የሚወልዱት በቀዶ ሕክምና ነው፤ ስለ ላም ምጥ አይጥን የጠየቀ ሰው ይሳሳታል። አይጧ ዘረመሉን ጠቆመች፤ መጠኑንና መዘዙን የተናገረችው ላሟ ናት። ሁለቱ ሥራዎች ተደጋጋፊ ናቸው።

ለጸሐፊው ክርክር የሚበጅ፣ እርሳቸው ግን ያላነሡት ምሳሌ ልጨምር፤ ነገሩን አጣርቶ ማየት ስለሚጠቅም። ማውሊን ስቶርም ከተባለ የካናዳ ኮርማ የወረደ የኮሌስትሮል እጥረት በሆልስታይን ጥጆች ላይ አለ። ጥጃው ጤነኛ መስሎ ይወለዳል፤ ከዚያ በማይቆም ተቅማጥ እየመነመነ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሞታል። መንስኤው ኤፒኦቢ የሚባለው፣ ስብን ከአንጀትና ከጉበት ወደ ደም የሚያጓጉዘው ፕሮቲን ዘረመል መበላሸቱ ነው። በአይጦች ላይ ያው ዘረመል በ1995 ተሰናክሎ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ የአይጥ ሽሎቹ ገና በማኅፀን ሞቱ። አንድ ሰው ይህን ብቻ አይቶ «እንግዲያው በላምም ሽል ይገድላል» ቢል ኖሮ በጉያው ያለውን የታመመ ጥጃ ያልፈው ነበር።

ልዩነቱ ከየት መጣ? የአይጥ ሽል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስብ የሚያገኘው በአስኳል ከረጢቱ በኩል ሲሆን ያ ከረጢት ያለዚህ ፕሮቲን ስቡን ማሳለፍ አይችልም። ይህ ሲታወቅ ተመራማሪዎች ሌላ አይጥ አዘጋጁ፤ ፕሮቲኑ በጉበት የሚሠራ፣ በአንጀት ግን የማይሠራ። እነዚህ ተወለዱ። የሚጠቡት ወተት ስብ በአንጀታቸው ሕዋሳት ውስጥ ተጠራቅሞ ቀረ፣ እድገታቸውም ተገታ። ስቡን በልቶ ወደ ደም ማሳለፍ የማይችለው የሆልስታይን ጥጃ ሕመም ማለት ይህ ነው። አለመመሳሰሉ ራሱ ተጠንቶ ሲያበቃ ጥጃው ለምን ተወልዶ እንደሚሞት ገለጠ። ጸሐፊው አለመመሳሰልን የምርምሩ መጨረሻ አድርገውታል፤ በእውነቱ ግን ብዙ ጊዜ የተሻለው ጥያቄ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ ይሳካል አልልም። ሲሜንታል ከብቶች ላይ ጥጆች እንደ ሸረሪት የቀጠኑና የረዘሙ እግሮች ይዘው ሞተው የሚወለዱበት ሕመም አለ፤ መንስኤው ሞክስ1 የሚባል ዘረመል ነው። ይህ ዘረመል የተሰናከለባቸው አይጦች በተወለዱ በቀናት ውስጥ ይሞታሉ እንጂ እግራቸው የሸረሪት አይሆንም። አጥንቱን በተመለከተ አይጧ መልስ አልሰጠችም።

ሦስተኛው ምክንያት ዘረመልን በቀጥታ በላም ላይ ስለ ማረም ነው። ቴክኖሎጂው አለ፤ እኔም ተስፋ አደርግበታለሁ። በ2017 የጃፓን ተመራማሪዎች በጃፓን ጥቁር ከብቶች ላይ ደካማ ጥጆች እንዲወለዱ የሚያደርገውን ለውጥ በከብት ሕዋስ ውስጥ አርመው ከዚያ ጽንስ እስከ ማሳደግ ደርሰዋል። ግን ለማረም መጀመሪያ የትኛዋ ፊደል እንደምትታረም ማወቅ ያስፈልጋል፤ የክርክራችን ጥያቄ ደግሞ ይኸው ነው። ተጠርጣሪ ዘረመሎችን አንድ በአንድ በላም ላይ እንሞክር ቢባል ላም 9 ወር አርግዛ አንድ ጥጃ ትወልዳለች፤ ጊደሯ ለመውለድ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ትጠብቃለች። አይጥ በ20 ቀን ገደማ ብዙ ትወልዳለች፣ ልጆቿም በሁለት ወር ውስጥ ለመራባት ይደርሳሉ። በላም ላይ አሥር ዓመት የሚፈጅ ጥያቄ በአይጥ ላይ በአንድ ዓመት ይመለሳል። ማረሙም ከስህተት የጸዳ አይደለም። ቀንድ አልባ እንዲሆኑ ዘረመላቸው ከታረመ ወይፈኖች በአንዱ ላይ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይንቲስቶች በ2019 ማንም ያላሰበውን የባክቴሪያ ዘረመል ገብቶ አግኝተዋል፤ አንቲባዮቲክን የሚቋቋሙ ዘረመሎች ጭምር። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ዘዴ ለሙከራ ብቻ ብሎ በላምና በጥጃ ላይ መደጋገም ጸሐፊው በአራተኛው ምክንያታቸው ከሚቆረቆሩለት የእንስሳት ደኅንነት ጋር ይጋጫል።

ስለ አራተኛው ምክንያት እኔም ከእርሳቸው ጎን እቆማለሁ፤ ግማሽ መንገድ። አይጥ ሕመም ይሰማታል። በእንስሳ ላይ የሚደረግ ሙከራ በሌላ ዘዴ ቢተካ፣ ባይተካ ቁጥሩ ቢቀንስ፣ ባይቀንስ ሥቃዩ ቢቃለል የሚለው መርሕ ከ1959 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የማይከተለው ተቋም መወቀስ አለበት። በብላድ እንዳየነው መልሱ ከሰው ሕክምና ከተገኘ አዲስ አይጥ ማርባት አያስፈልግም። ነገር ግን ለኤችኤች1 የሞተች አዲስ አይጥ አልነበረችም። የ1998ቱ ውጤት ታትሞ ተቀምጦ ነበር፤ የከብት ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ማንበብ ነው። ዛሬ የበርካታ አገሮች ተቋማት በአንድ ኅብረት ሆነው የአይጥን ዘረመሎች አንድ በአንድ እያሰናከሉ ውጤቱን ለማንም በነጻ ያቀርባሉ። ከተሞከሩት ዘረመሎች ሲሶ ያህሉ ሲጠፉ አይጧ ወይ አትወለድም ወይ ከተወለዱት ጥቂት ብቻ ይተርፋሉ። ይህ መዝገብ ለከብት ተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ በዚህም ምክንያት ያው አይጥ ሁለት ጊዜ አይፈጠርም። ደግሞም በሒሳቡ ውስጥ ጥጆቹም ይግቡ። በኮሌስትሮል እጥረት ለሳምንታት እየመነመነ የሚሞተው ጥጃ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አልፈቀደውም፤ ማስታገሻም የሚሰጠው የለም። መንስኤው ታውቆ ተሸካሚዎቹ ካልተዳቀሉ ያ ጥጃ አይወለድም።

አምስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይበልጥ አሳዘነኝ። ጉዳዩ የእኛ አይደለም ይላሉ። ከ1967 ጀምሮ በአርሲ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አገር በቀል ላሞችን ከውጭ ዘር ጋር ሲያዳቅል፣ በኋላም ቃሊቲ ላይ የተቋቋመው ማዕከል አባላዘር ሲያሰራጭ፣ የሆልስታይን ዘር ወደ ሰላሌ፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ አሰላ በረቶች ገብቷል። ዘሩ ሲመጣ ወተቱም በውስጡ የተሸሸገውም አብረው ይመጣሉ። አገሪቱ ወደ 70 ሚሊዮን ከብት አላት፤ የከተማ ዙሪያ ወተታችን ደግሞ በአብዛኛው የሚደገፈው በዲቃሎቹ ላይ ነው።

አርቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር እዚህ ላይ አለ። የቦረና ወይም የፎገራ ላም ከሆልስታይን ኮርማ ስትወልድ ጥጃዋ ቢበዛ ተሸካሚ ትሆናለች፤ ሕመሙ አይታይባትም፤ የእናቷ ወገን ንጹሕ ነውና። ወተት ለመጨመር ያቺ ጊደር እንደገና በሆልስታይን አባላዘር ስትዳቀልና ልጇም እንዲሁ ሲደረግ፣ ከሁለቱም ወገን ያው ለውጥ የሚገናኝበት ዕድል ይከፈታል። ሁለት ተሸካሚዎች ከተገናኙ ከአራት ጽንስ አንዱ ይጠፋል። ማለትም ኪሳራው የሚጀምረው አርቢው የውጭ ዘሩን ደም መጠን ከፍ አድርጌ ተሳካልኝ ባለበት በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ ነው። ያኔም ላሟ «መካን» ተብላ ለቄራ ትሸጣለች።

የእኛን ዝርያዎች ደግሞ አስቡ። የበጋይት፣ የሸኮ፣ የሆሮ ከብቶች ዘረመል ሲነበብ በአውሮፓ ከብቶች ላይ የማይታዩ ለውጦች መገኘታቸው አይቀርም። ከእነዚህ የትኛው ጎጂ፣ የትኛው ምንም የማያደርግ እንደሆነ ለመገመት አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያለ ተመራማሪ የራሱ የአይጥ ቤት የለውም፤ አያስፈልገውምም። የዘረመሉን ስም አስገብቶ አይጧ ላይ የታየውን በነጻ ማንበብ ይችላል። ገንዘብ ለሌለው ተመራማሪ ከዚህ የሚረክስ መነሻ የለም። ጸሐፊው የሀብታም ዕቃ ያሉት ለድሃው ይበልጥ ይጠቅማል።

እስከዚያው ግን አባላዘር የሚገዛም የሚያሰራጭም የኮርማውን ካታሎግ ይመልከት። ከስሙ አጠገብ ‹ቲኤል› ካለ ከብላድ ነጻ ነው፤ ‹ቢኤል› ካለ ተሸካሚ ነው። ‹ቲቪ› ሲቪኤም ከሚባለው የአከርካሪ መበላሸት፣ ‹ቲዋይ› ብራኪስፓይና ከሚባለው የአከርካሪ ማጠር ነጻ መሆኑን ያመለክታሉ፤ ‹ሲቪ› እና ‹ቢዋይ› ደግሞ ተሸካሚነትን። ‹ኤችኤች1› ከሚለው ቀጥሎ ‹ሲ› ካለ ኮርማው የቺፍን ለውጥ ተሸክሟል። ተሸካሚ ኮርማ ይጣል ማለት አይደለም፤ ለአገር በቀል ላም ቢሰጥ ጽንስ አያጠፋም። የዲቃላ ላም አባት ማን እንደነበረ ሳይመዘገብ፣ ከዚያው ሐረግ በወጣ ሌላ ተሸካሚ ኮርማ ማዳቀል ግን መቆም አለበት፤ ለዚህም ቴክኒሻኑ ከእያንዳንዱ ማዳቀል በኋላ የኮርማውን መለያ ቁጥር ለአርቢው ጽፎ ቢሰጠው በቂ ነው።